ሚዛኑ ካልቀነሰ ጉልበቴ የት ሄደ?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎችና ምላሾቻቸው

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዕድሜዬ 61 ሲሆን የምኖረው በጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ አቋርጬ አላውቅም። በክትትል ክሊኒኩ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንደማይታይ ይነግሩኛል፤ መድኃኒቴ በዶሉቴግራቪር ከተቀየረ በኋላም ክብደቴ ከ60 ወደ 64 ኪሎ ከፍ ብሏል። ነገር ግን ጭኔና ባቴ እየሟሸሸ ሄዷል። ቡና አፍልቼ ከበርጩማው ስነሳ መሬት ካልተደገፍኩ አልችልም፤ ከገበያ የገዛሁትንም እንደ ድሮው ራሴ ይዤ መግባት አቅቶኛል። ጎረቤት «ምነው ከሳሽ?» ይለኛል፣ ሚዛኑ ደግሞ ወፈርሽ ይለኛል። ጠዋት ቡና በዳቦ ወይም በቆሎ፣ ምሳ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ከምሳ የተረፈውን እበላለሁ፤ አጽዋማትንም ሁሉ እጾማለሁ። መድኃኒቱ ሰውነቴን እየበላው ይሆን? ምን ብመገብ ይሻለኛል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጎረቤትዎም ሚዛኑም አልዋሹም። ሚዛን አጥንትን፣ ውኃን፣ ስብንና ጡንቻን ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ ጡንቻ እንደሆነ አይለይም። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ኪሎ ጡንቻ አጥቶ በምትኩ ከዚያ የሚበልጥ ስብ በሆዱና በወገቡ ዙሪያ ቢያከማች፣ ሚዛኑ ጨመርክ ሲለው እግሩ ግን የገዛ ሰውነቱን ለመሸከም ይቸገራል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ክብደት መጨመር በብዙ ሰዎች ላይ የታየ ነገር ነው፤ የሚጨምረውም በአመዛኙ ስብ ነው። በክትትል ቀን ክብደት ተመዝኖ «ጥሩ ነው፣ ጨምረዋል» ተብሎ መሸኘት ለእርስዎ ዕድሜ የማይበቃውም ስለዚህ ነው።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የጡንቻና የጉልበት መቀነስ በሕክምና ሳርኮፔኒያ ይባላል። ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይገመታል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ሰዎች ላይ ይህ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ በዚህ ሕክምና ዘርፍ «በዕድሜ የገፋ» የሚባለው ከ50 ዓመት ጀምሮ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ በምርመራ በማይታይበት ጊዜ እንኳ የሰውነት መከላከያ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ ያ ዝቅተኛ ግን የማይቋረጥ መቆጣት ጡንቻ እንዲፈርስ ይገፋል፣ አዲስ ጡንቻ መገንባትንም ያዘገያል። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የነበሩት የሕመም ወራት፣ ያለፈ የሳንባ ነቀርሳ፣ የተለያየ ምግብ አለማግኘትና እንቅስቃሴ መቀነስ ሲጨመሩበት ጉዳቱ ይከማቻል።

መድኃኒቱ ሰውነቴን እየበላው ይሆን ወይ ላሉት፣ ጥርጣሬዎ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ዓመታት መድኃኒት የጀመሩ ብዙዎች ስታቩዲን የተባለውን ወስደዋል። ይህ መድኃኒት፣ በመጠኑም ቢሆን ዚዶቩዲን፣ ከጉንጭ፣ ከክንድና ከእግር ቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያሟሟ ስለነበር ጉንጭ ይጎደጉድ፣ የእግር ደም ሥር ይገታተር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አገሮች ስታቩዲንን እንዲተዉት መክሮ ከአገልግሎት ወጥቷል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ያ መድኃኒት በዋናነት ያሳጣው ስብን ነው፤ ስለዚህ የባትዎ መቅጠን ከፊሉ የዚያን ዘመን ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ከበርጩማ መነሳት አለመቻል ግን የስብ ጉዳይ አይደለም፣ የጡንቻ ነው። አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ጡንቻን አይበላም። ሰውነትን በእርግጥ የሚያመነምነው ሕክምና ያላገኘው ቫይረስ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጥርጣሬ አንድ ቀን እንኳ ክኒንዎን እንዳያስታጉሉ አደራ እላለሁ።

ጉልበትዎን ያለ መሣሪያ ቤትዎ ውስጥ መለካት ይችላሉ። የተለመደ ቁመት ያለው፣ የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጡ፤ ሁለት እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይነሱና ይቀመጡ፤ አጠገብዎ የቆመ ሰው በስልኩ ሰዓት ይያዝልዎ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ወይም አምስቱን መጨረስ ካልቻሉ ጉልበትዎ በሕክምና ሊታይ ይገባል። ሁለተኛው መለኪያ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው፤ የባትዎ ወፍራሙ ክፍል ዙሪያ ከ31 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻ መቀነሱን ይጠቁማል፤ እግሩ ያበጠ ሰው ግን በዚህ መለኪያ እንዳይታለል። ሁለቱንም ቁጥሮች ጽፈው በሚቀጥለው ቀጠሮ ለክሊኒኩ ባለሙያ ይስጡ። «ደከመኝ» ከሚል አቤቱታ ይልቅ «አምስት ጊዜ ለመነሳት 22 ሰከንድ ፈጀብኝ» የሚል ቃል ባለሙያውን ወደ ሥራ ያስገባዋል።

ወደ ምግቡ ከመሄዳችን በፊት መጣራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የእርስዎ ክብደት አልቀነሰም፤ ነገር ግን ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ሳይፈልግ በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ያህል፣ ማለትም ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ፣ ከቀነሰ፣ ወይም ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለው ምግብ በማሻሻል ጊዜ ሳያባክን ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይሂድ። የስኳር ሕመም፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፣ ድብርት፣ የጥርስ መጎዳትም እንዲሁ ጡንቻ ያሳጣሉ። ጥርስን የጠቀስኩት ሥጋና ቆሎ ማኘክ አቅቷቸው ሻይ በዳቦ ብቻ የሚውሉ፣ ግን ለሐኪም የማይናገሩ አረጋውያን ብዙ ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደ ገበታዎ ልመለስ። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል የሚለው የቆየ ስሌት ነው። ለአረጋውያን ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም፣ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ደግሞ እስከ 1.5 ግራም ይመከራል። ለእርስዎ 64 ኪሎ ይህ ቢያንስ ከ64 እስከ 77 ግራም ማለት ነው። በደብዳቤዎ የዘረዘሩትን ሳሰላው ከ40 ግራም ብዙ የሚያልፍ አይመስለኝም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ይህ መጠን አይመለከተውም፤ ቴኖፎቪር የተባለውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ኩላሊታቸው በየጊዜው መመርመር ስላለበት የመጨረሻ ውጤትዎን ጠይቀው ያረጋግጡ።

ጉድለቱ ያለው ከሁሉ በላይ በሽሮው ነው ብል ይገረሙ ይሆናል። ሽሮ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ የሚዘጋጅ እንደመሆኑ ከ100 ግራም ዱቄቱ 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ በዚህ ከሥጋ የሚተናነስ አይደለም። ችግሩ የሚፈጠረው ድስቱ ውስጥ ነው። ሽሮው ቀጥኖ ሲሠራ ሳህኑ ይሞላል፣ ወጡም ይጣፍጣል፤ በአንድ ሰው ድርሻ የገባው ዱቄት ግን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን 4 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። ወጡን ወፈር አድርገው ለራስዎ ድርሻ አምስት ማንኪያ ያህል ዱቄት እንዲደርስዎ ቢሠሩት፣ አጠገቡም አንድ ጭልፋ ምስር ክክ ቢጨምሩበት፣ ከእንጀራው ጋር ተደምሮ ወደ 25 ግራም ይጠጋል። አዲስ ነገር ሳይገዙ፣ ከቤተሰቡ የተለየ ማሰሮም ሳይጥዱ ማለት ነው። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ፤ ለብቻ የሚበስል ምግብ በብዙ ቤት ያልተጠየቀ ጥያቄ ያስነሣል፣ የጤናቸውን ሁኔታ ለሁሉም ያልነገሩ ሰዎችም በዚያ ፍራቻ ምክሩን ይተዉታል።

የዕድሜ ባለጸጋ ጡንቻ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጥቂት ፕሮቲን ሲቀርብለት እንደ ወጣት ጡንቻ ቶሎ አይነቃም። በአንድ ማዕድ ከ25 እስከ 30 ግራም ሲያገኝ ግን መገንባት ይጀምራል። ስለዚህ ቁርስን በቡና አልፎ ማታ አብዝቶ መብላት የሚገባውን ጥቅም አይሰጥም። በፍስክ ቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ የፈላ ወተት ወይም እርጎ 8 ግራም ይሰጣል፤ ከዳቦው ጋር ቁርሱ ሞላ ማለት ነው። አይብ ከተገኘ ከጎመኑ ጋር ለማስዋብ በጣት ቆንጠር ተደርጎ የሚቀርብ ሳይሆን እንደ ወጥ በማንኪያ የሚበላ ይሁን። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣው ዓሣ ጅማ ገበያ ሲደርስ እንደ ሥጋ ያገለግላል፤ ለማኘክም ይቀላል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን የመከላከያ አቅሙ ለተፈተነ ሰው አይሆኑም። ቆጮና የበቆሎ ቂጣ ሆድ ይሞላሉ፤ የቆጮ ፕሮቲን እጅግ ጥቂት ነው፣ የበቆሎውም ጥራት ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ያለ ባቄላ፣ ያለ አይብ ወይም ያለ ሽሮ ለብቻቸው መቅረብ የለባቸውም። ብዙዎች የሚተማመኑበት አብሽ በእርግጥ ፕሮቲን አለው፤ በአንድ ማንኪያ አብሽ ጡንቻ ይገነባል ማለት ግን ተስፋን ማብዛት ነው።

ቡናን በተመለከተ፣ ጅማ ለሚኖር ሰው ቡና ይቅርብዎ ብዬ የምጽፍ አይደለሁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በራሳቸው ጡንቻ አያጠፉም። ጥፋቱ ቡናው ቁርሱን ሲተካ ነው፤ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ረፋዱ ሳይበላ ያልፋል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣም ከጥራጥሬው የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። መጀመሪያ ይብሉ፣ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አቆይተው ያፍሉ፤ የቡና ቁርሱም ፈንዲሻ ከሚሆን የሽምብራ ቆሎ ወይም ለውዝ ይሁን፤ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው።

ጾሙን በሚመለከት ውሳኔው የእርስዎና የንስሐ አባትዎ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ያላትን ርኅራኄ እርሳቸው ያስረዱዎታል። መጾምዎን ከቀጠሉ ግን የጾም ወጥ ማለት የቀጠነ ወጥ ማለት እንዳይሆን ነው የምለምነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲና በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትብብር፣ እዚሁ ጅማና አካባቢዋ ባሉ የሕክምና ተቋማት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚጀምሩ ሰዎች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ ጥናት አለ። ለሦስት ወራት በቀን 200 ግራም ገንቢ ምግብ የተሰጣቸው ሰዎች ክብደታቸው፣ ከስብ ውጪ ያለው የሰውነታቸው ክፍልና የእጃቸው የመጨበጥ ኃይል ካልተሰጣቸው የተሻለ ሆኗል። በዚያ ምግብ ውስጥ ለአንዱ ቡድን ከወተት፣ ለሌላው ከአኩሪ አተር የተገኘ ፕሮቲን ነበር የገባው፤ ጡንቻን በተመለከተ ሁለቱም ሠርተዋል። ተሳታፊዎቹ መድኃኒት ጀማሪዎች እንጂ እንደ እርስዎ የቆዩ አረጋውያን አልነበሩም፤ ቢሆንም ከዕፅዋት የሚገኝ ፕሮቲን ጉልበት አይሆንም ለሚሉት በቂ መልስ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የቀሩት ሰዓታት ጥቂት ስለሆኑ ሁለቱንም ማዕድ በጥራጥሬ ማጠናከር አለበት፦ ምስር ወጥ፣ ወፍራም ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ አሹቅ፣ የሱፍ ወይም የተልባ ፍትፍት። ከዕፅዋት የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ እግርዎን የሚደነዝዝዎ ከሆነ ለክሊኒኩ ይንገሩ።

ምግብ ብቻውን ጡንቻ አይሆንም። ጡንቻ የሚገነባው ሲታዘዝ ነው፤ ትእዛዙ ደግሞ ሸክም ነው። በእግር መሄድ ለልብና ለስኳር ይጠቅማል፣ ለጭን ጉልበት ግን ብቻውን አይበቃም። ቀደም ሲል እንደ መለኪያ የሰጠሁዎትን ወንበር መልመጃ ያድርጉት፦ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ስምንት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፣ ትንሽ ያርፉ፣ ይድገሙት። ሲጀምሩ በእጅዎ መደገፍ ነውር የለውም። ሲቀልልዎ ዝቅ ወዳለ ወንበር ይውረዱ፣ በመጨረሻም ወደ በርጩማው ይመለሱ። ግድግዳ ይዞ በጣቶች ላይ ከፍ ዝቅ ማለት ለባት ነው፤ ውኃ የተሞሉ ሁለት ሃይላንዶችን ከጉልበት እስከ ትከሻ ማንሳት ለክንድ ነው። ጉልበት ያላቸው ወደ ጂሬን የሚወስደውን ዳገት ቀስ ብለው ቢወጡት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል፤ በክረምት ጭቃ ግን አይሞከርም፤ ቴኖፎቪር የአጥንትን ጥንካሬ በመጠኑ ስለሚቀንስ ውድቀት በእርስዎ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከተሰማዎ ያቁሙ። ለውጡን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ በሰዓቱ ይለኩት፤ ሚዛን ላይ ላይታይ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ኤችአይቪም ስኳርም አለባቸው፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ባለፈው ረመዳን በጣም ከሱ። ለማፍጠሪያ ተምር፣ ሳምቡሳና ሾርባ ከቀመሱ በኋላ ይተኛሉ፤ ሱሁር አይነሱም። እኔ ምን ልርዳቸው? (ከጅማ፣ መርካቶ አካባቢ)

ምላሽ፦ ከረመዳን አንድ ወር ቀደም ብለው ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ። ስኳርና ዕድሜ ሲደራረቡ መጾም የሚፈቀድላቸው መሆን አለመሆኑ በምርመራ መታየት አለበት፤ ቁርኣንም ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ በኋላ እንዲከፍል፣ ለማይችልም ድኻ እንዲያበላ መንገድ ሰጥቷል፤ ይህን ከእርስዎ ይልቅ ከኢማማቸው ቢሰሙት ይቀበሉታል። ከጾሙ ሱሁር መቅረት የለበትም። የአሥራ ሦስትና አሥራ አራት ሰዓት ጾም ከማፍጠሪያ ወደ ማፍጠሪያ ሲሆን ወደ ሃያ አራት ሰዓት ይሰፋል፤ በዚያ ጊዜ ሰውነት ጡንቻን እየፈታ ይጠቀማል። ለሱሁር ፉል ከእንቁላል ጋር ወይም እርጎ ያቅርቡላቸው፤ ሳምቡሳውን በምስር ሙሉት፣ በብዙ ዘይት ከተጠበሰ ሁለት ይበቃል፤ ሾርባውም ከአጃ ብቻ ሳይሆን ሥጋ ወይም ምስር የገባበት ይሁን። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው የኤችአይቪ ክኒን በየዕለቱ በማፍጠሪያ ሰዓት ሊወሰድ ይችላል። አንድ ነገር በጥብቅ ይጠይቁ፦ ክኒኑ ዶሉቴግራቪር ካለበት ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል። ሁለቱን መድኃኒቶች የሚሰጧቸው ክፍሎች የተለያዩ ከሆኑ አንዱ የሌላውን ላያውቅ ይችላልና ሁለቱንም ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው፣ መድኃኒት ላይ ነኝ። በጂም የሚያሠራኝ ልጅ የፕሮቲን ዱቄትና ክሪአቲን ግዛ አለኝ። ከፋርማሲም ካልሲየም ገዝቻለሁ። ይስማማኛል? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

ምላሽ፦ ጂም መጀመርዎ ከዱቄቱ ይልቅ የሚያስደስተኝ ነው። ዱቄቱ የሚሰጠው በአንድ ማንኪያ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ነው፤ ለዚያ ዋጋ ለብዙ ቀን የሚሆን እንቁላልና ምስር ይገዛሉ። ጥርስ ወይም የምግብ ፍላጎት ለሌለው ሰው ዱቄት ይጠቅም ይሆናል፤ ለእርስዎ አያስፈልግም። ክሪአቲን የተባለው የጡንቻ ማጎልበቻ ደግሞ በኩላሊት ምርመራ የሚለካውን ክሪያቲኒን ከፍ ያደርጋል፤ ዶሉቴግራቪርም ኩላሊትን ሳይጎዳ ያንኑ ቁጥር ትንሽ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ሐኪሙ ኩላሊትዎ የተጎዳ መስሎት መድኃኒት ሊቀይር ይችላል። ከወሰዱ ሳይደብቁ ይናገሩ። በጂም አካባቢ በመርፌ የሚሸጡትን ማበርቻዎች ግን ፈጽሞ አይንኩ። ካልሲየሙ እንደ ብረት ክኒን ሁሉ ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ ከተወሰደ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስዱ ከሆነ ከምግብ ጋር ይሁን፤ ያለ ምግብ ከሆነ የኤችአይቪ ክኒኑን ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ። ለጨጓራ የሚታኘኩት አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለባቸው ክኒኖች ግን ከምግብ ጋርም ቢሆን አብረው አይወሰዱም፤ ለእነርሱ የ2 እና የ6 ሰዓቱ ርቀት ሁልጊዜ ይጠበቅ።